ልጆች በቤት ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ለምን ዓይነት አዋቂነት ያዘጋጃቸዋል?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት (አዲስ አበባ)

እንደምን ሰነበታችሁ። የ12 ዓመት ወንድ ልጅና የ9 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። እኔም ባለቤቴም ከሥራ የምንገባው አመሻሽ ላይ ስለሆነ፣ የቤቱን ሥራ ሁሉ የምትሠራው አብራን የምትኖር የ20 ዓመት ወጣት ናት። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የምሳ ዕቃቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ወደ ጥናታቸውና ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳሉ፤ የምሳ ዕቃው ታጥቦ፣ ዩኒፎርሙ ተተኩሶ ጧት ይጠብቃቸዋል። እስካለፈው ወር ድረስ ይህ ነገር አሳስቦኝ አያውቅም ነበር።

ባለፈው ወር አማቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው ሁለት ሳምንት እኛ ዘንድ ሰነበቱ። አንድ እሑድ እንግዶች መጥተው ምሳ ሊቀርብ ሲል፣ አማቴ ወንዱን ልጄን ጠሩና «ና፣ ሰው አስታጥብ» አሉት። ልጁ ግራ ገብቶት ቆመ። ማንቆርቆሪያውን በየትኛው እጁ እንደሚይዝ፣ ከማን እንደሚጀምር አላወቀም። በመጨረሻ ወደ ጓዳ ዞሮ ሠራተኛችንን በስሟ ጠራትና «ነይ አስታጥቢያቸው» አላት። በ8 ዓመት የምትበልጠውን ሰው ያዘዘበት ድምፅ የእኔው የራሴ ድምፅ ነበር፤ አነጋገሩ ሳይቀር። እንግዶቹ ምንም አላሉም፤ እኔ ግን ያን ቀን የበላሁት ምሳ አልተዋሐደኝም።

ማታ አማቴ «ልጄ፣ ይህ ልጅ ነገ ሰው ቤት ሐዘን ሲገባ ምን ይዞ ሊቆም ነው?» አሉኝ። ባለቤቴ ደግሞ በተቃራኒው፣ የልጅ ሥራ ትምህርቱ ነው፣ እኛ እንጨት ተሸክመን ውኃ ቀድተን ያደግነው እነሱ እንዳይደግሙት ነው ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላም ነገር አለ፦ ሥራ ላስለምድ ብዬ ብነሣ፣ ሳላስበው ሴቷን ብቻ ከመቀመጫዋ አስነሥቼ ወንዱን እንዳላስቀምጠው። የቤት ሥራ ልጅን ለነገ ኑሮው በእርግጥ ያዘጋጀዋል? የሚያዘጋጀውስ ለየትኛው ኑሮ ነው? ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር (ባሕር ዳር)

እኅቴ፣ የአማትዎ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ።

ያደግሁት በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነው። በእኛ ቀዬ የልጅ ዕድሜ የሚታወቀው በሚጠብቀው እንስሳ ነበር። በ5 ዓመት ገደማ ጫጩት ከጭልፊት መጠበቅና ጥጃ ከእናቱ መለየት ነው፤ ከዚያ በግና ፍየል ይከተላል፤ 9 ወይም 10 ዓመት ሲሞላው ከብት ይሰጠዋል፤ ክንዱ ሲጠና ደግሞ እርፍ ይጨብጣል። ማንም ተቀምጦ «ኃላፊነት ማለት ይህ ነው» ብሎ አላስተማረንም። ከበግ ወደ ከብት በተሸጋገርሁበት ቀን አባቴ ከወይራ በትር ቆርጦ፣ ጫፉን በቢላዋ አለስልሶ ሰጠኝ፤ ያን ቀን ማታ እናቴ እራት ስታቀርብ ከወትሮው ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀመጠችኝ። ስለ ከብቶቹ የተባለ ነገር አልነበረም፤ የኔ ቦታ ግን ተለውጦ ነበር።

መስክ ላይ የሚገኘው ትምህርት ብዙ ነው። እረኞች ከብት የሚመልሱት በተራ ነው፤ ተራውን የዘለለ ልጅ በማግስቱ የሚያግዘው አያገኝም። በሬዬ የሰው ጤፍ ውስጥ ከገባ፣ ባለቤቱ ሳይደርስ ማውጣት፣ ከደረሰ ደግሞ ቆሞ ጥፋትን አምኖ ይቅርታ መጠየቅ፣ ማታ ለአባት ሳይደብቁ መናገር ግድ ነበር፤ ምክንያቱም የጉዳቱ ካሣ የሚወጣው ከጎተራችን ነው። ሽማግሌ ፊት መቆምን የተማርሁት ያኔ በ10 ዓመቴ ነው። የድሮ ሹማምንት «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁ እንደነበር ይነገራል፤ እረኞች በዘፈናቸው የአገሩን ብሶትና ደስታ አውጥተው ስለሚናገሩ ነው። ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ ጅራፍ የሚያጮኸውና እየዘፈነ በየደጁ የሚሄደው ልጅ ሙልሙል ሲሰጠው እንደ ለማኝ አይቈጠርም፤ ዓመቱን ሙሉ ከብት ሲጠብቅ የኖረ የመንደሩ ሰው ነውና የሚገባውን ተቀበለ ይባላል።

አሁን ወደ ማስታጠቡ ልምጣ፤ ልጅዎ የቆመው እዚያ ላይ ነውና። ማንቆርቆሪያው በቀኝ እጅ፣ ሣፋው በግራ፣ ፎጣው በትከሻ ይያዛል። ካህን ካለ ከካህኑ፣ ከሌለ ከሁሉም አዛውንት ይጀመራል። ውኃው ቀጭን ሆኖ ሳይቋረጥ ይፈስሳል፤ ታጣቢው ጣቱን ሲያራግፍ ማንቆርቆሪያው ቀና ይላል፤ አስታጣቢው ጎንበስ ይላል እንጂ የሰው ፊት ላይ አያፈጥም። ሰውዬው እጁን ሲያደርቅ «እደግ፣ ተመንደግ» ይለዋል። ይህን ሥራ የሚሠራ ልጅ፣ በክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ፣ ማን ታላቅ እንደሆነ፣ ማን ቅድም እንደገባና ማን ገና እንዳልታጠበ ሁሉ በዓይኑ ለቅሞ ማወቅ አለበት። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው መላላክም እንዲሁ ነው፦ ልጁ አስቀድሞ ሰላምታ ያቀርባል፣ የተላከበትን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ያደርሳል፣ የተሰጠውን መልስ አደራ ብሎ ይዞ ይመለሳል። ሰርግና ለቅሶ ላይ፣ እድር ውስጥ፣ በሽምግልናም ጊዜ የምናከብረው ሰው ይህን በልጅነቱ የተማረ ሰው ነው።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረት ብዙ ወላጆችን አሳስቷል ብዬ አምናለሁ። ለራት አለመብቃቱ እውነት ነው። ልጁ ያቦካው ግን ለራት ተብሎ አልነበረም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ረጅም ዘመን ገጠር ሳስተምር፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የአዝመራው ስብሰባ ሲመጣ የክፍሌ ወንበሮች ባዶ ሲሆኑ እያየሁ ኖሬአለሁ። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ከሰኔ ፈተና አልደረሱም። ስለዚህ ባለቤትዎ የሚሰጉበት ምክንያት አላቸው፤ ቃላቸውን አያቃልሉት።

መልስ 2፦ የደሴ ልጅ

የመምህሩን ጽሑፍ በአክብሮት ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሆኖም በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ጎድሎብኛል፤ እኅታቸው። እሳቸው በትር ተቀብለው ከፍ ያለው ቦታ ላይ በተቀመጡበት ማታ፣ እራቱን ያቀረበችው እናታቸውን ማን ሲያግዛት ዋለ?

እኔ ያቺ እኅት ነበርሁ። በ6 ዓመቴ ታናሽ ወንድሜን በአንቀልባ አዝል ነበር፤ የእሱ እግር ጉልበቴ ድረስ ይደርስ ነበር። ከዚያ ኩበት መልቀም፣ ውኃ መቅዳት፣ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ጠርቶ ስኒ ማዳረስ ተከተለ። የኔም ዕድሜ በሥራ ተለክቷል፤ ልዩነቱ የወንድሜ ሥራ በየዓመቱ ከቤት እያራቀ ወደ ሸንጎና ወደ ገበያ ሲወስደው፣ የኔ ሥራ በየዓመቱ ወደ ምድጃው እያስጠጋኝ መሄዱ ነው። በቋንቋችን «ሙያ» የሚለውን ቃል አስተውሉት። ስለ ወንድ ሲነገር ግንበኝነት፣ አናጢነት፣ ሐኪምነት ነው፤ ስለ ሴት ልጅ «ሙያ አላት» ሲባል ግን ዶሮ ወጥ ማለት ነው። «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» የሚለውም ምርመራው የት እንደሚደረግ ይነግረናል። እንግዲህ የቤት ሥራ ለአዋቂነት ያዘጋጃል ወይ ከተባለ፣ መልሴ እጅግ አድርጎ ያዘጋጃል የሚል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ያ አዋቂነት ማን የመረጠው ነው የሚለው ነው።

የሚቀጥለውን የምጽፈው ለጠያቂዋ እኅቴ ስል ነው። በ9 ዓመቴ አንዲት ዘመድ «ላስተምራት» ብላ ከወላጆቼ ተቀብላ አዲስ አበባ አመጣችኝ። ትምህርቱ የማታ ነበር፤ ቀኑ የቤቱ ነው። በዚያ ቤት በእኔ ዕድሜ የሚገኙ ሁለት ልጆች ነበሩ። ወተት የጠጡበትን ብርጭቆ ያስቀመጡበት ቦታ ትተውት ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ብርጭቆው የለም። በልጅነት አእምሯቸው ብርጭቆ በራሱ የሚጠፋ ነገር ሳይመስላቸው አይቀርም። አሁን ሁሉም ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል፤ አልጠላቸውም። ነገር ግን እኔ በዚያ ቤት ድምፅ ሳላሰማ መሥራትንና ሰው ሲገባ ከክፍል መውጣትን ስማር፣ እነሱም በዚያው ሰዓት ሥራ የሌላ ሰው መሆኑን ይማሩ ነበር። ሥራ የማይሰጠው ልጅ ያልሠለጠነ መስሎ ይታየናል እንጂ እሱም ሥልጠና ላይ ነው፤ የሚሠለጥነው መገልገልን ነው። ልጅሽ «ነይ አስታጥቢያቸው» ያለው ምንም ሳይማር ቀርቶ አይደለም። በሚገባ የተማረውን ነው የደገመው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ ድምፁ የራስሽ መሆኑን ራስሽ ሰምተሻል፣ ብዙ ሰው አይሰማውም።

ከሴቷ ልጅሽ አትጀምሪ። ከወንዱ ጀምሪ፤ የምታስጀምሪውም ከጓዳ ይሁን። በዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ የማስታውሰው አንድ ጥናት አለ። ካሮል ኤምበር የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በምዕራብ ኬንያ በሉኦ ሕዝብ መካከል ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ ነው። በዚያ ማኅበረሰብም ውኃ መቅዳት፣ ምግብ ማብሰልና ሕፃን መያዝ የሴት ልጅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ለሥራ የደረሰች ሴት ልጅ በሌለችበት ቤት እናት ወንዱን ልጅ ታሠራዋለች። ተመራማሪዋ እነዚህን ወንዶች ልጆች ከሌሎቹ ጋር ሲያነጻጽሯቸው፣ በተለይ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ የሠሩት፣ ጠብ የማይጭሩና በሌላው ላይ የማይጫኑ ሆነው አገኟቸው። በቤቱ ውስጥ ሴት ልጅ መኖር አለመኖሯ የዕድል ጉዳይ ስለሆነ፣ ለውጡን ያመጣው ሥራው ነው ለማለት ያስደፍራል። ሕፃን ሲያለቅስ ለምን እንደሚያለቅስ ለማወቅ የተገደደ ልጅ፣ ሌላ ሰው ምን እንደጎደለው መጠየቅ ይለምዳል። ወንድሜን ባዘልሁበት ዓመት የተማርሁት ትዕግሥት ዛሬም ድረስ በሥራዬ ያገለግለኛል፤ ለወንድሜም ይህ ትዕግሥት ቢደርሰው ኖሮ ትዳሩ ምን ይመስል ነበር ብዬ አስባለሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ሠራተኛሽን ማዘዝ ያለበት የቀጠራት ሰው ነው። ልጆቹ እንዳያዝዟት በግልጽ ንገሪያቸው። ዕርዳታዋ ካስፈለጋቸው እንደ ታላቅ እኅት ይለምኗት።

መልስ 3፦ አባት ከሜሪላንድ

የእኛ ሁኔታ ለየት ይላል፤ ሆኖም ሊጠቅም ይችላል ብዬ ነው። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሠራተኛ የለንም፤ ልጆቼ ይሠራሉ። ግን ለብዙ ዓመታት የሠሩት ለየራሳቸው ነበር፦ የራስን አልጋ ማንጠፍ፣ የራስን ክፍል ማጽዳት፣ የራስን ልብስ ማጣጠፍ። ለዚያም በሳምንት ገንዘብ እንከፍላቸው ነበር፤ በዚህ አገር የተለመደ ነው። አንድ ቀን ታማ የተኛች እናታቸውን ሻይ እንዲያፈላላት ልጄን ስጠይቀው ስንት እንደምከፍለው ጠየቀኝ። በዚያው ሳምንት ክፍያውን አቆምን።

ጆንና ቢያትሪስ ዋይቲንግ የተባሉ ባልና ሚስት በመሩትና በኬንያ፣ በሜክሲኮ፣ በፊሊፒንስ፣ በኦኪናዋ፣ በሕንድና በአሜሪካ በሚገኙ ስድስት ማኅበረሰቦች በተካሄደው ጥናት፣ እናቶች ብዙ ሥራ ባለባቸውና ልጆች የቤተሰቡን ሥራ በሚካፈሉባቸው ቦታዎች ልጆቹ ሌላውን የመርዳትና የመንከባከብ ዝንባሌያቸው ከፍ ብሎ ታይቷል፤ የአሜሪካዎቹ ልጆች ደግሞ እርዳታና ትኩረት ለራሳቸው መፈለጉ ያይልባቸው ነበር። ይህ ሥራ ለማን ይሠራል በሚለው ነጥብ ላይ ያለኝን እምነት አጠንክሮልኛል። አሁን ልጆቼ ማኅበር በሚውልበት ቀን ወንበር ይዘረጋሉ፣ ዳቦ ያዳርሳሉ፣ ሰው ከሄደ በኋላ ዕቃ ያጥባሉ። ሲመሽ ከአንዷ እናት አፍ «ተባረኩ» የሚል ቃል ይሰማሉ።

በስደት ልጆች የሚሠሩት፣ ማንም በሥራ የማይቆጥረው ሌላ ሥራም አለ፤ ማስተርጎም። ልጄ በ11 ዓመቷ ከመብራት ኩባንያ ጋር በስልክ ስለ ሒሳብ የምትከራከረው እሷ ነበረች፤ የትምህርት ቤት ደብዳቤም ለእናቴ የምታነበው እሷ ናት። ከዚህ ብዙ አተረፈች፤ ከትልቅ ሰው ጋር ሳትፈራ ትነጋገራለች። ነገር ግን አንድ ቀን ሐኪም ቤት ውስጥ ስለ አያቷ ሕመም የተነገረውን ክፉ ዜና ራሷ ተርጉማ ለአያቷ መንገር ነበረባት፤ ወጥታ መኪና ውስጥ ሳትናገር ቁጭ አለች። ያን ቀን ለልጅ የማይሰጥ ሥራ እንዳለ ተረዳሁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሐኪም ቤቶች አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ እንዳለባቸው ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ እዚህ ያላችሁ ወላጆች ጠይቁ፣ በስልክም ቢሆን ያቀርባሉ።

መልስ 4፦ በሕግ ሥራ ላይ ያለሁ

ወሰኑ የት ነው ለሚለው በአጭሩ ልጨምር። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በአንቀጽ 31፣ ልጅ እንደ ዕድሜውና እንደ ችሎታው ለቤተሰቡ አንድነት የመሥራትና ወላጆቹንና ታላላቆቹን የመርዳት ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። የልጅን ግዴታ በዚህ መልክ በአንቀጽ ማስፈሩ የአፍሪካን አስተሳሰብ የሚያሳይ ይመስለኛል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ደግሞ ልጅ ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይጠብቀዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያነቡ መለኪያው ግልጽ ነው፦ ሥራው ልጁን ከትምህርቱ፣ ከእንቅልፉና ከጨዋታው ካላስቀረው፣ ከአቅሙም ካላለፈ፣ ቤተሰባዊ ተሳትፎ ነው።

የደሴ ልጅ ያነሡት ግን ከዚህ ወሰን ውጭ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራትን አይፈቅድም። የሚያሳዝነው፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ከዚህ አዋጅ ወሰን ውጭ በመሆኑ፣ በየቤቱ የሚሠሩት ወጣቶች በአዋጁ ጥላ ሥር አልገቡም። ስለዚህ ለጠያቂዋ የምለው፣ የሠራተኛዎ የሥራ ሰዓትና የዕረፍት ቀን በእርስዎ ኅሊና ላይ የተጣለ ነው። ልጆችዎ የሚሠሩት ሥራ ለእሷ ዕረፍት ቢሆን፣ ልጆቹ ሥራው ለምን እንደሚሠራ ሳይነገራቸው ያውቁታል።

የጠያቂዋ ምላሽ፦ የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የደሴ ልጅ፣ የጻፍሽውን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብሁለት። ብርጭቆው ላይ ስደርስ ድምፄ አልወጣ አለኝና እሱ ተቀብሎ ጨረሰው። ያደግሁበትን መከራ ልጆቼ እንዳይደግሙት የሚለውን አሁንም አልተወውም፤ መምህሩ ስለ ባዶዎቹ ወንበሮች የጻፉት የእሱን ስጋት ስለሚደግፍለትም ደስ ብሎታል። ተነጋግረን በዚህ ተስማማን፦ በፈተና ሳምንት ሥራ የለም፤ በሌላው ጊዜ ግን የእራት ዕቃ የሚያጥበው ወንዱ ነው፣ ገበታ የምታነሣውና የምትወለውለው ሴቷ ናት፣ በየወሩም ይቀያየራሉ። ውኃ በተራ በሚመጣበት ሌሊት ጀሪካን የሚሞላው ባለቤቴ ራሱ ሲሆን ልጁ አብሮት ይነሣል። እሑድ ሠራተኛችን ሙሉ ቀን ታርፋለች፤ ልጆቹም እንዳያዝዟት ተነግሯቸዋል።

የመጀመሪያው ሳምንት ቀላል አልነበረም። ሁለት ሣህን ተሰበረ፣ አንድ ቀን ደግሞ ልጁ ጓደኛው ሊያየው እንደሚችል ፈርቶ የወጥ ቤቱን መስኮት መጋረጃ ጋርዶ አጠበ። አባቱ ሄዶ መጋረጃውን ከፈተውና ምንም ሳይናገር ከጎኑ ቆሞ ሣህን ያደርቅለት ጀመር።

ትናንት እሑድ አማቴ እንደገና ሊጠይቁን መጥተው ስለነበር ምሳ አዘጋጅተን ነበር። ሠራተኛችንም አብራን ተቀመጠች፤ ቤታችን ውስጥ በማዕድ ቀርባ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። ልጄ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከአያቱ ጀመረ። ውኃው አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ የአያቱ ነጠላ ጫፍ ርሷል፣ እሳቸው ግን አልጠረጉትም። ከአባቱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሠራተኛችን ደረሰ። እሷ እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው፤ እኔን አየችኝ። ልጁ ጎንበስ እንዳለ ጠበቃት። ታጠበች፣ ፎጣውን ከትከሻው አነሣች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ካደረቀች በኋላ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «እደግ» አለችው።